ነጩ ጋራ ላይ፣ ለማየት ብቻ

እንግሊዞች ጋራ የሚወጡት ለማየት ነው። ይህን የምነግራችሁ አብሬያቸው ወጥቼ ሳይሆን መጽሐፍ አንብቤ ነው። የጠፋ ግመል አይፈልጉም፣ እንጨት አይለቅሙም፣ የሚሸሹት ሰው የላቸውም። እሑድ ምሳቸውን በልተው፣ ውሻቸውን አስከትለው ይወጡና ጫፉ ላይ በተሠራላቸው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብለው ቁልቁል ያያሉ። ሲበቃቸው ይወርዱና ሻይ ይጠጣሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ይህን እስካነብ ድረስ ደህና ሰው ነበርኩ። ካነበብኩ በኋላ ግን እንደነሱ ለማየት ብዬ አንድ ጋራ ወጣሁ፤ ስወርድ የአንዲት የማላውቃት ልጅ ትዳር እጄ ላይ ወድቆ አገኘሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ሸዋ ሮቢት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ደገኛ ነኝ፤ ያደግሁት ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ በሚደርብበት አገር ነው። ሮቢት ስመደብ አንድ ወዳጄ እድለኛ ነህ፣ ፓፓያ ትበላለህ ብሎኝ ነበር። ፓፓያውን በልቻለሁ፣ አልክድም። ሸሚዜ ግን ጠዋት ስለብሰው ደረቅ ነው፤ ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል። ቅዳሜ ሲሆን ሌላው አስተማሪ ጥላ ፈልጎ ጫቱን ይዞ ይሰየማል። እኔ ጫት አልቅም፣ ካርታ መጫወት አልችልም፣ ስለዚህ አነባለሁ። የማንበብ ጠንቁ ይኸው ነው፤ ሰው ጫት ቅሞ እንኳ እንደኔ ያለ ሐሳብ አይመጣበትም።

መጽሐፉን ያገኘሁት ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ነው። ሽፋኑን አይጥ በልታው የማን እንደሆነ አይታወቅም። በደቡብ እንግሊዝ ስላሉ ጋራዎች ይተርካል። ጋራዎቹ ጠመኔ ናቸው። አዎ፣ ይኸው በሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ጠመኔ። ከላይ ለምለም ሣር ይለብሳሉ፣ ከሥር ሲቆፈሩ ነጭ ናቸው፤ የእግር መንገዱ ሳይቀር ነጭ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዱ፣ ቲቸር ጋራ ሙሉ ጠመኔ ካላቸው ለምን አይልኩልንም አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ያን ጊዜ በእጄ የያዝኩት ጠመኔ ከማሾ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሌላዋ ደግሞ እንዲወጡ ያዘዛቸው ማን ነው አለች። ማንም አላዘዛቸውም አልኩ። ዘመኑ ሳይታዘዝ የሚወጣም የሚገባም የሌለበት ስለሆነ፣ አስተማሪያችን የሚደብቀው ነገር አለ ብለው በሐዘኔታ ነበር የሚያዩኝ።

ይህን ሁሉ ለጋሽ ሰይድ አጫወትኳቸው። ጋሽ ሰይድ ጡረታ የቀረባቸው የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። ይፋት ተወልደው ይፋት ያረጁ፣ ጥምጣማቸው የማይዛነፍ፣ ከአሊዩ አምባ እስከ ማጀቴ ድረስ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። በከዘራቸው መሬት እየጫሩ ሰሙኝና፣ እንዲህ ያለ ነጭ ጋራ እኮ እዚሁ ከጀውሃ ወዲህ አለ፣ ሴቶቹ ግድግዳ የሚለቀልቁበትን ነጭ አፈር ከዚያ ነው የሚያመጡት አሉኝ። ቅዳሜ እንውጣ አልኳቸው። ምን ልናደርግ ሲሉኝ፣ ልናይ አልኩ። ጋሽ ሰይድ ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻዬን ወጥቼ የሆነ ነገር እንዳልሆን ፈርተው እሺ አሉ።

በመኪና እስከ መንገዱ መገንጠያ ሄደን ከዚያ በእግር ገባን። ለማየት ብሎ የሚሄድ ሰው በይፋት ቆላ ውስጥ ምን ያህል ችግር እንደሚገጥመው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ ያገኘናት እንጨት የተሸከመች ሴት ነበረች። ገና ሰላም ሳንላት፣ ግመላችሁ በዚህ በኩል አላለፈም፣ ወደ ወንዙ ፈልጉት አለችን። ግመል የለንም ብላት አላመነችኝም። ግመል ሳይጠፋበት በዚህ ፀሐይ የሚዞር ሰው ከየት ይመጣል? ጥቂት እንደሄድን ማሾ ማሳው ውስጥ የቆመ ሽማግሌ አየን። የመንደር ምሥረታ ወሬ የሚናፈስበት ጊዜ ስለነበር ለአዲስ መንደር ቦታ የምንመርጥ ሰዎች መስለነው፣ ሳንጠይቀው ይህ መሬት እባብ አለበት፣ ውሃው ሆድ ይነፋል፣ ሌሊት ጅብ ይመላለስበታል እያለ የገዛ መሬቱን ያጥላላ ጀመር። የጎረቤቱን መሬት ግን አመሰገነልን። እኛ ለማየት ብቻ ነው የመጣነው ስለው ይብስ ተርበተበተ።

ከጋራው ሥር ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ አስቆመን። ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። የት ትሄዳላችሁ ሲል ጋራው ላይ አልኩ። ምን ልታደርጉ ሲል አገሩን ልናይ አልኩ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛውሮ፣ «አገሩ ምን ሆነና?» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም። ጋሽ ሰይድ ጆሮው ሥር ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሹክ አሉት። ሰውየው ወዲያው ፊቱ ተለወጠና በሐዘን አይቶኝ መንገድ ለቀቀልን። ምን አሉት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሐኪም አየር ቀይር ብሎት ነው፣ ደረቱ ደህና አይደለም አልኩት አሉኝ። እንግሊዞች እዚህ ቢወለዱ ኖሮ አንድም ጋራ አይወጡም ነበር።

ጋራው በእርግጥ ነጭ ነው። ጠመኔ ይሁን ሌላ አልመረመርኩትም፤ የሚያዳልጥ መሆኑን ግን በጉልበቴም በክርኔም አረጋግጫለሁ። አንድ እርምጃ ስወጣ ሁለት እንሸራተታለሁ። ያ እንደ ዱቄት የሚቦን አቧራ ላባችን ላይ እየተለጠፈ ጫፉ ላይ ስንደርስ፣ ጋሽ ሰይድ ከወትሮው ሃያ ዓመት ጨምረው ነበር፤ እኔም ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ያልተላጨው ጢሜ ሁሉ ነጭቶ አያቴን መስያለሁ። ይሁን፣ ደርሰናል። ወገቤን ይዤ ቁልቁል አየሁ። ምንም የለም። የቆላ የበጋ ጭጋግ ነው፤ መንገዱም፣ ወንዙም፣ ጀውሃም፣ ሮቢትም ሁሉም ወተት የተደፋበት ይመስል ነጭ ሆኗል። መጽሐፉ ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈም።

ቢያንስ መቀመጡን እንኳ በወጉ ላድርገው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አግዳሚ ወንበር እንደማይኖር አውቃለሁ፣ ያን ያህል ጅል አይደለሁም። የደረቀ ሣር ያለበትን ለስላሳ ቦታ መርጬ፣ እንግሊዝኛ ነው ባልኩት አኳኋን ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ተቀመጥኩ። ከሣሩ ሥር ለካ እረኞች የፍየል በረት አጥረውበት የጣሉት የግራር እሾህ ተቀብሯል። ድምፄ ጀውሃ ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ሰይድ እባብ ነው ብለው ከዘራቸውን አነሡ። እሾህ መሆኑን ስነግራቸው ከዘራቸውን መልሰው ፊታቸውን ወደ ጭጋጉ አዞሩ። እባክዎ ይንቀሉልኝ ብላቸው፣ «ልጄ፣ እወድሃለሁ፤ ይህን ግን አላይልህም» አሉኝ።

በእጄ የደረስኩበትን ነቀልኩ፤ ተሰብሮ የቀረው ግን ብዙ ነው። ወረንጦ ያስፈልጋል። ወረንጦ ደግሞ በዚህ አገር ሴት አንገቷ ላይ በክር አንጠልጥላ የምትይዘው ነገር ስለሆነ ቤት ፈልገን መሄድ አለብን። ጭጋጉ ባልሸፈነው በጋራው ጀርባ በኩል ቁልቁል አንድ ግቢ ይታያል። ጋሽ ሰይድ የይማም ቤት ነው፣ ደህና ሰው ነው፣ እሱን ለብቻው ጠርተን እንነግረዋለን አሉኝ። ወረድን፤ እሳቸው በከዘራ፣ እኔ እግሬን አንፈራጥጬ።

ገና አጥሩ ጋ ሳንደርስ ጋሽ ይማም ወጥተው ጠበቁን። ሚስታቸው እትዬ ፋጡማም ብቅ አሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የልጅ፣ የከብት፣ የዝናም ደኅንነት አንድ ባንድ ተጠየቀ፣ አልሐምዱሊላህ ተባለ። ከዚያ ግቡና ተቀመጡ ተባልን። እኔ አልቀመጥም አልኩ። እትዬ ፋጡማ መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፉ። አመሰግናለሁ፣ አልቀመጥም። ተጨማሪ ምንጣፍ መጣ። ቁመን ይሻለናል አልኩ። ጋሽ ሰይድ ጓደኛቸው ቆሞ እሳቸው አይቀመጡምና ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። እርጎ ቀረበልን። ሁዳዴ ስለሆነ እኔ እርጎ አልነካም፤ ጋሽ ሰይድም እኔ ሳልቀምስ አይቀምሱም። ይህን ጊዜ የጎረቤት ሰው አጥሩ ላይ መደርደር ጀመረ። አንዲት ሴት ውሃ የሞላ እንስራ እንዳዘለች ቆማ ታየን ነበር፤ ለምን አታወርደውም ብዬ እኔ ተጨነቅሁ።

ጋሽ ይማም ተራ በተራ አዩን። በደህና ነው የመጣችሁት አሉ። ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ጉዳይስ ነበረን፣ ግን በሴቶች ፊት የሚነገር አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስለ መቀመጫዬ በእትዬ ፋጡማ ፊት ምን ይባላል? ጋሽ ይማም አጥሩን ተመለከቱ፣ ሚስታቸውን ተመለከቱ፣ ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ጋሽ ሰይድን አስቆሟቸው።

«ዛሬ አትናገሩት። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ኑ።»

እኔ ደነገጥኩ። ለወረንጦ የሳምንት ቀጠሮ! በመሥሪያ ቤት ነገ ና መባል ለምደናል፤ ገበሬው ቤት ድረስ ይወርዳል ብዬ ግን አላሰብኩም። ጋሽ ሰይድም አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፣ ግን ሰላም ዋሉ ብለው ወጡ። እኔም ከነእሾሄ ተከተልኩ።

መንገድ ላይ ሳማርር ሳማርር ጋሽ ሰይድ ድንገት ቆሙና ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ። እኔ መቀመጥ ስለማልችል ፊታቸው ቆምኩ። «ወላሂ፣ ሽማግሌ ሆነናል» አሉኝ። እርስዎ ድሮም ነዎት፣ እኔ ግን አቧራው ሲታጠብ ይለቅቃል አልኳቸው። አልሳቁም። ከዚያ አንድ ባንድ አስረዱኝ። በዚህ አገር ልጅ ለመጠየቅ የሚላክ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ አይቀምስም። የልጅቷ አባትም መጀመሪያ ቀን ነገሩን አይሰማም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀጉራችን ነጭቶ፣ መንደሩ ሁሉ እያየን፣ ተቀመጡ ሲሉን አንቀመጥም፣ ቅመሱ ሲሉን አንቀምስም፣ ጉዳያችን በሴት ፊት አይነገርም ብለናል። ከዚህ በላይ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

እኔ ነገሩ ቀላል መሰለኝና፣ ተመልሰን ወረንጦ ፈልገን ነው እንበላቸዋ አልኩ። ጋሽ ሰይድ የልጅቷን ነገር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ይማም ዘሐራ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ታጭታ ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ እጮኛዋ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ከዚያ መርዶው መጣ። ዕንባው ሳይደርቅ ሴቶቹ ገፊ ናት ማለት ጀመሩ፤ የሚያጫት ሰው አይቆምላትም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጅ ሽማግሌ ቆሞ አያውቅም። አሁን ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ አገር አይቷል። እነዚህ ሽማግሌዎች በቀጠሯቸው ካልተመለሱ፣ ገፊ መሆኗን ሰምተው ሸሹ ይባላል። ወረንጦ ፈልገን ነው ካልን ደግሞ ቤተሰቡ የአገር መሳቂያ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ልጅቷ አለቀላት። እኔ የእሾሁን ሕመም ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

እንግዲህ ሽማግሌ አለን፣ ቀጠሮ አለን፣ የጎደለን ሙሽራ ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ አንተ ሙስሊም ብትሆን ኖሮ አሁን ተገላግለን ነበር አሉኝ። ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ፣ ቢሆንም ይማም አንተን አይቀበልም አሉ። ለምን እንደማይቀበሉኝ አልጠየቅሁም።

ያ ሳምንት ክፉ ሳምንት ነበር። ክሊኒክ ሄጄ በሆዴ ተኛሁ፤ ድሬሰሩ እሾሁን እየለቀመ ጦር ሜዳ ነበርክ ወይ አለኝ። ቆሜ አስተማርኩ፣ ቆሜ በላሁ፣ ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለተገኘሁ ሊቀመንበሩ አስተያየት አለህ ወይ እያለ ደጋግሞ ዕድል ሰጠኝ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ሙሽራ ፍለጋ አገሩን አመሱት። አንዱ ሚስት ነበረው፣ ሚስቱ ነች ያባረረቻቸው። አንዱ ከሳቸው ጋር አብሮ ጡረታ የሚወጣ ሰው ሆኖ ተገኘ። አንዱ ደልዳላ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እሺ ብሎ የልጅቷን ስም ሲሰማ፣ እናቴን ላማክር ብሎ ወጣና በጓሮ በኩል ጠፋ። ለሦስት ቀን ያህል እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማላውቃትን ልጅ ነገር እንደዚህ ልቤ ውስጥ ማን እንዳስገባው አላውቅም።

በገበያ ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ኒም ዛፉ ሥር ሆነን ስንመካከር (ጋሽ ሰይድ ተቀምጠዋል፣ እኔ ቆሜያለሁ) ሽንኩርት በዘንቢል የያዘች ልጅ ቀጥ ብላ መጣች። ረጅም፣ ጠይም፣ ሻሿን ወደኋላ ያሰረች ናት። ሰላም አለችና ዘንቢሏን አስቀመጠች።

«የማን ሽማግሌ ናችሁ?» አለች።

ጋሽ ሰይድ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው እያሉ ሊያለባብሱ ሞከሩ። ዘሐራ ኖራለች፤ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ፣ ያን ዕለት እኔ ነጭ አፈር ልቆፍር እዚያው ጋራው ላይ ነበርኩ፣ መምህሩ ሲቀመጥም ሲነሣም አይቻለሁ አለች። እኔ መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ካልመጣችሁ እኔ እንደምንም እችለዋለሁ፣ እናቴ ግን ትሞትብኛለች አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ከመጣችሁ ግን ዝም ብላችሁ ሰው ይዛችሁ አትምጡ፣ የምትመጡለት ሰው አለ አለች። ጀውሃ፣ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሙሄ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ይፈልጋታል፣ ትፈልገዋለች፤ ግን በድርቁ ጊዜ ከወሎ ብቻውን የመጣ ሰው ነውና የሚልከው ሽማግሌ የለውም። ይህን ብላ ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ገበያው ሄደች። ሽንኩርትሽን ልግዛ እንኳ አላልኳትም።

በማግሥቱ ጀውሃ ሄድን። ሙሄ ቀጭን፣ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ሜትር አጥልቋል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሱሪ እየጠበቁ ከበውት ስለነበር ራቅ አድርገን ወሰድነው። ጋሽ ሰይድ ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ ሳይደብቁ ነገሩት። ሰዎች ስለ ልጅቷ እንዲህ ይላሉ፣ ኋላ አልነገራችሁኝም እንዳትል አሉት። ሙሄ መርፌውን ከሸሚዙ ኮሌታ ነቅሎ መልሶ ሰካው።

«እኔ ስመጣ እናቴንም አባቴንም እህቶቼንም ቀብሬ ነው የመጣሁ» አለ። «እሷ ገፊ ከተባለች፣ እኔን ምን ሊሉኝ ነው?»

ጋሽ ሰይድ እጁን ይዘው ቆሙ። ስንለያይ ሙሄ የኔን ሱሪ ከኋላ አይቶ፣ ይህን ትተውልኝ ይሂዱ፣ ልጣፍልዎ አለኝ። በቁምጣ ወደ ሮቢት አልመለስም ብዬ እምቢ አልኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። በዚህ ጊዜ በዋናው መንገድ፣ በደጅ በኩል ሄድን። እኔ ታጥቤ ፀጉሬ ጠቁሯል፤ ሽማግሌነቴ እንዳይጎድል ነጭ ነጠላ ለብሻለሁ። ጎረቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ፈቶ ተሰብስቧል። አሁን እሾሁ ወጥቶልኛል፤ መቀመጥ እችላለሁ፣ ግን መቀመጥ አይፈቀድልኝም። ቆምን። ጋሽ ይማም ወጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ሳምንቱን እንዳልተኙ ያስታውቃል። እኔም አልተኛሁምና አወቅሁባቸው።

ጋሽ ሰይድ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ነው የመጣነው አሉ። ጋሽ ይማም መሬት መሬት እያዩ፣ ልጁ የማን ልጅ ነው አሉ። የፈራነው ጥያቄ ይኸው ነበር። በዚህ አገር አባቱ፣ አያቱ፣ ወንዙ ይቆጠራል፤ ሙሄ ደግሞ የሚቆጥርለት ሰው ሁሉ አፈር ገብቷል። ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«የኔ ልጅ ነው» አሉ።

ጋሽ ይማም ጋሽ ሰይድን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ ልጆቻቸውንም በስም ያውቃሉ። አጥሩ ላይ የተደረደረውን ሰው ቃኙ። ከዚያ ጠጋ አሉና፣ ከእኛ በቀር ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያን ቀን ለምን እንደመጣችሁ አላውቅም። ለልጄ እንዳልመጣችሁ ግን አውቄዋለሁ። ሽማግሌ በጋራ በኩል አይወርድም። ይህ ሁሉ ሰው አጥሬ ላይ ቆሞ ሲያያችሁ ሳይ ዝም አልኩ። ከዚያ ልጅ ሞት ወዲህ በኔ ደጅ የቆመ ሰው የለም። ለአንድ ቀን እንኳ ቆመው ይታዩልኝ ብዬ ነው። ተጠቅሜባችኋለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እኛ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሰው አታለልነው ብለን ስንቃጠል፣ እሳቸው ደግሞ እኛን አታለልኳቸው ብለው ሲቃጠሉ ኖረዋል። ጉንጬ ላይ የወረደው ዕንባ ነው መሰለኝ፣ ደገኛ ነኝና ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት። ጋሽ ይማም ቀና ብለው ዛሬስ ለሷ ነው የመጣችሁት ብለው ጠየቁ። ሁለታችንም በአንድ አፍ ለሷ ነው አልን።

«እንግዲያስ ሰጥቻለሁ» አሉ፤ ይህን ግን አገር እንዲሰማ ነበር ጮክ ያሉት።

አጥሩ ላይ ያለው ሰው መንጫጫት ጀመረ። እትዬ ፋጡማ ግን እልል አላሉም። ከበሩ ወጥተው መጡና የጋሽ ሰይድን እጅ ያዙ። ያንን ሁሉ ጊዜ ማንም ደፍሮ ያልተናገረውን ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ጠየቁ።

«ልጁ ይኖርላታል?»

ያን ዘመን ለማንኛችንም ልጅ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ሰው አልነበረም። የዘሐራ ድምፅ ከጓዳ ወጣ።

«ይኖራል እማዬ። እኔም እኖራለሁ።»

እትዬ ፋጡማ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ እልል አሉ።